የመንግሥት ሥራ ቅጥር ክርክርና ያልተሞሉ የሥራ መደቦች፦ ሕጉ ምን ይላል?

ከጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰው የማይጠፋበት ስፍራ ነው። በአንድ በኩል ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘው ቅጥር የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ባለሙያ የሚጠብቁ የሥራ መደቦች አሉ። ሁለቱ ሳይገናኙ የሚቀሩት አንዳንዴ በበጀት እጥረት፣ አንዳንዴም ተወዳዳሪዎች ባላመኑበት የቅጥር ሂደት ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ አመልካቾችና አገልግሎት ጠባቂው አርሶ አደር ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ነጥቦችን ያብራራል።

የትኛው ሕግ ይመለከታል?

በቅድሚያ መለየት ያለበት ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የፌዴራል ተቋም ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ግን የሚተዳደረው የኦሮሚያ ክልል ባወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው።

በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 515/1999 በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ተተክቶ ነበር፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ወጥቷል። አዋጆቹ ቢለዋወጡም ሥራ የሚገኘው በብቃትና በግልጽ ውድድር ነው የሚለው መሠረተ ሐሳብ አልተለወጠም። ከሁሉም በላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ደንግጓል።

የውድድሩ መመዘኛ

አዋጅ ቁጥር 515/1999 መርሆውን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ክፍት የሥራ መደብ የሚሞላው ለመደቡ የሚጠየቀውን ችሎታ ባሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች የበለጠ ውጤት ባገኘ ሰው ብቻ ነው። በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት ልዩነት ማድረግ የተከለከለ ነው።

ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያላቸው ተዋጽኦ አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ የሚሰጠው ውጤታቸው ከሌሎቹ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ ድጋፉ ውድድሩን አይሽረውም። በዕጣ፣ በትውውቅ ወይም በስልክ ትእዛዝ ለመቅጠርም ሽፋን አይሆንም።

የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማግኘት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በአካል ጉዳቱ ምክንያት በቅጥር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙ በእርሱ ላይ አይወድቅም። አድልዎ አለመፈጸሙን ማሳየት የሚጠበቅበት ቀጣሪው ነው።

የቋንቋ መስፈርት

በጅማ አካባቢ በተደጋጋሚ የሚነሳው ሌላው ጥያቄ ቋንቋ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ እንዲወስኑ ፈቅዷል፤ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። በመሆኑም የወረዳ መሥሪያ ቤት አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ባለሙያ ቢጠይቅ በራሱ አድልዎ አይባልም። የቡና ገበሬውን በቋንቋው ማነጋገር የሥራው አካል ነውና።

መስፈርቱ ከሥራው ጋር መያያዝ እንዳለበት የሚያመለክት ተቀራራቢ ጉዳይ ግን አለ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንዳንድ ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከውድድር ወጡ። አቤቱታቸውን የመረመረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ መነሻ ያደረገው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅን ነበር። ጉዳዩ የምርጫ እንጂ የቅጥር አልነበረም፤ ሆኖም የቋንቋ መስፈርት ሰውን ማግለያ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆን እንዳለበት ትምህርት ይሰጣል።

መደቡ ባዶ ሲቀር

የቅጥር ክርክር ሲነሳ ዋጋ የሚከፍሉት ተከራካሪዎቹ ብቻ አይደሉም። በሀገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን አደረጃጀት በአንድ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ይታሰባል። የሰብል ባለሙያው ከጎደለ የቡና ፍሬ በሽታ የገባበት ማሳ ምክር የሚሰጠው ያጣል። በሽታውን የሚቋቋሙትና በጅማ ምርምር ማዕከል የተለቀቁት እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎችም በቂ ክትትል ሳያገኙ ይተከላሉ።

በሌላ በኩል «መደቡ ባዶ እንዳይቀር» በሚል የተበላሸ ውድድርን ማጽደቅ ችግሩን አይፈታም። የጎረቤታችን የኬንያ ተሞክሮ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተካሄደውን የ10 ሺህ ፖሊሶች ምልመላ የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሙስናና በአሠራር ጉድለት ምክንያት ሻረው። በሚያዝያ 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ተመልማዮቹ ወደ ሥልጠና እንዲገቡ አዘዙ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በቀጣዩ ወር ስረዛውን አጸና። መጀመሪያውኑ በትክክል ያልተሠራ ውድድር ሀገሪቱን በሚያስፈልጋት ጊዜ ባለሙያ አሳጣት።

መሥሪያ ቤቶች ክፍተቱን በጊዜያዊ ሠራተኛ ሲሸፍኑም ገደብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 515/1999 መሠረት ጊዜያዊ ቅጥር የሚፈቀደው የዘላቂነት ባሕርይ ለሌለው ሥራ ወይም ሁኔታው ሲያስገድድ ብቻ ነበር።

ቅሬታ ያለው አመልካች ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ማስረጃ ይያዝ። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ሳለ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የምዝገባ ቁጥርንና የፈተና ቀንን መጻፍ፣ የውጤት ዝርዝሩን መያዝ ይገባል። ማስታወቂያው ከተነሳ በኋላ የቃል ክርክር ክብደቱ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅሬታው በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ይቅረብ። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ በግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። «ተበድያለሁ» ከማለት ይልቅ የትኛው መስፈርት እንደተጣሰ መግለጽና የውጤት አሰጣጡ እንዲብራራ መጠየቅ ይጠቅማል። የይግባኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ «ነገ ና» በሚል ቀጠሮ ቀኑ እንዳያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ምላሹ ካላረካ ጉዳዩ ወደሚመለከተው የበላይ አካል ይሂድ። የክልል ቅጥር ከሆነ ለክልሉ የሲቪል ሰርቪስ መዋቅር ይቀርባል። ለፌዴራል ተቋማት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚከለስበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የመልካም አስተዳደር በደልን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የአድልዎ ጥያቄን ደግሞ በጅማ ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይቀበላሉ። ጉቦ የተጠየቀ ሰው ለፀረ ሙስና አካል ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።

አመልካቹም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተገኘ ቅጥር ከመሰረዙ ባሻገር በወንጀል ያስጠይቃል። ቅጥሩ ከጸደቀ በኋላም 515/1999 የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አስቀምጦ ነበር፤ የሥራ አፈጻጸሙ ዝቅተኛ ከሆነ ሦስት ወር ይጨመር ነበር።

አርሶ አደሩም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በቀበሌው ያለው መደብ ስንት ወር ባዶ እንደቆየ፣ ማስታወቂያ መውጣት አለመውጣቱንና መደቡ በጀት የተያዘለት መሆኑን በቀበሌ ስብሰባ ላይ መጠየቅ መብቱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ባለሙያው በቦታው መኖር አለመኖሩ የሚታየው በእርሱ ማሳ ላይ ነውና።