ሙላት እንጂ አቅርቦት አይባልም

ሲሚንቶ አቅርቦት አለው። ስኳርና የምግብ ዘይትም አላቸው፤ ከመጋዘን ወጥተው፣ ተጭነው፣ ለገዢ የሚቀርቡ ናቸውና። የእናት ጡት ምን ሆኖ ነው አቅርቦት የሚኖረው? ከእንግሊዝኛ በሚተረጎሙ የጤና ጽሑፎች ውስጥ ግን «የጡት ወተት አቅርቦት» የሚለው ሐረግ ሥር እየሰደደ ነው። ወተቱ ሕፃኑ ከሚፈልገው ሲያልፍ ደግሞ «ከመጠን ያለፈ የጡት ወተት አቅርቦት» ይሉታል። አምስት ቃል ተደርድሮ አንዲት አራስ ደረቷ ላይ ስለሚሰማት ነገር አንዳች አይናገርም።

በሕክምናው ስሙ «ሃይፐርላክቴሽን» ነው። «ሃይፐር» በግሪክ «በላይ» ማለት ሲሆን «ላክ» በላቲን ወተት ነው። ከ1 ወር እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በቀን በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይጠባል። የአንዳንዷ እናት ጡት ግን ልጇ ለጤናማ እድገት ከሚያሻው እጅግ አብልጦ ያመነጫል። አጥብታም ጡቷ አይቀልላትም፤ ልብሷ ይርሳል፤ የወተት ቱቦዋ ይደፈናል፤ ሲብስም ጡቷ ይቆጣና ያተኩሳታል። ሕፃኑ በበኩሉ ሲጠባ ትን ይለዋል፣ ጡቱን ለቅቆ ያለቅሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አረንጓዴና አረፋ ያለው ሰገራ ይወጣዋል። አንዳንዷ እናት ለቅሶውን ሰምታ «ወተቴ አነሰው» ብላ ትደመድማለች። ከዚያ አጥሚቱ ይደገማል፣ አብሹ ይጨመራል፤ ልጁ ግን የሚያለቅሰው በዝቶበት ነው።

ስሙ ጥርት ብሎ መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው። «አቅርቦትሽ ከፍተኛ ነው» የተባለች እናት ምስጋና የሰማች ቢመስላት አይፈረድባትም፤ በገበያ ቋንቋ ከፍተኛ አቅርቦት መልካም ዜና ነውና።

አማርኛ ደግሞ በወተት ጉዳይ ድሃ አይደለም፤ ከብት አርቢ ሕዝብ ያሳደገው ቋንቋ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ወፍራም ወተት እንገር ነው። የምትታለበው ላም ጥገት ናት። ወተት ሲያቋርጥ ነጠፈ ይባላል። «አለበ» ከግእዙ «ሐለበ» የወረደ ነው፤ «ጡት» ደግሞ ከግእዙ «ጥብ» ጋር፣ እንዲሁም «ጠባ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። እንዲህ ያለ ቤት እያለ ከገበያ ቃል መበደር ምን ይሉታል?

ሌሎች ተፎካካሪዎችም አሉ። «የወተት ብዛት» ቀላልና ሁሉ የሚረዳው ይመስላል፤ ነገር ግን «የሕዝብ ብዛት» ሲባል ሕዝቡ በዛ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ «የወተት ብዛት» የሚለውም መጠኑን ብቻ ይጠይቃል፤ ትንሽም ቢሆን ብዛት አለው። «ትርፍ ወተት» ታልቦ ማቀዝቀዣ ለገባው ይስማማል እንጂ የጡቱን ሁኔታ አይገልጽም። «የወተት መፍሰስ» ከሌላ ሕመም ጋር ያጋጫል፦ ሳያጠቡ ከጡት ወተት የሚወጣበት፣ ሐኪሞች «ጋላክቶሪያ» የሚሉት አለ። በ«ልዕለ» የሚጀምር የግእዝ ቅንብርም መሞከር ይቻላል፤ ግን ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘች እናት አስተርጓሚ ልትሻ ነው።

ከሁሉ የሚፈትነው «ማጋት» ነው። «ጡቷ አጋተ» ሲባል ወተት ሞልቶት ተወጠረ ማለት ነው፤ ላምም ታጋታለች። ቃሉ ያማረና የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ማጋት የሰዓታት ወይም የጥቂት ቀናት ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ግድም ወተት ሲመጣ የብዙ እናቶች ጡት ያጋታል፤ ልጅ ሲጠባም ይቀልላል። ይህንን ሐኪሞች በሌላ ስም ይጠሩታል፤ «ማጋት» ለእርሱ ይቀመጥ። ለሳምንታት የሚዘልቀው ሌላ ስም ይሻል።

ያ ስም «የወተት ሙላት» ነው።

ሙላት አማርኛ ለወንዝ የሰጠው ቃል ነው። አዋሽ ሲሞላ ውሃው ያው የወንዙ ውሃ ነው፤ ከዳርቻው ሲወጣ ግን ያስቸግራል፤ በኋላም ይጎድላል። የእናት ወተትም እንዲሁ ነው፤ ወተቱ ደኅና ነው፣ ዳርቻውን ማለፉ ነው ችግሩ፤ በብዙዎቹም ዘንድ ጡቱ ከልጁ ጋር እየተላመደ ሲሄድ ይጎድላል። አንዲት እናት ነርሷን «ሲስተር፣ ወተቴ እየሞላ አስቸገረኝ» ብትል ማንም ቃል አይጠይቃትም። «አቅርቦቴ በዛ» የምትል ግን የለችም። ሙላት ምሉዕነትን ስለሚያስታውስ በጎ ብቻ ይመስላል የሚል ቢኖር፣ ክረምት ወንዝ ዳር ቆሞ «ዛሬ ሙላት ነው» ሲባል ይስማ።

ቃሉ ዘመዶቹንም ይጠራል። ወተቱ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ሲመጣና ሕፃኑን ትን ሲያሰኝ «ደራሽ ወተት» ማለት ይቻላል፤ ደራሽ ውሃን የማያውቅ አገር የለንምና። ያኔ ልጁ አይጠባም፣ ይጋታል። እናት ወደ ኋላ ጋደል ብላ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ስታጠባ ፍጥነቱ ይበርዳል።

መፍትሔውም ስም ይሻል። የኔዘርላንድስ የጡት ማጥባት አማካሪ ካሮላይን ቫን ፌልድሃውዘን ስታስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ጡት አልቦ ባዶ ማድረግን፣ ከዚያ ለተወሰኑ ሰዓታት በአንዱ ጡት ብቻ ማጥባትን አስተዋውቀዋል። ጡት ውስጥ የቆየ ወተት ራሱ «ቀንሺ» የሚል መልእክት ለጡቱ ያደርሳልና ምርቱ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ «ብሎክ ፊዲንግ» የተባለውን «የብሎክ አመጋገብ» ብሎ መተርጎም ግንባታን እንጂ ጡትን አያስታውስም። «በፈረቃ ማጥባት» ይበቃል፦ አንዱ ጡት ለ3 ሰዓት ያህል ተረኛ ነው፣ ሌላው ያርፋል። ያረፈው ከተወጠረ ጥቂት አልቦ ማስተንፈስ ይቻላል፤ አሟጦ ደጋግሞ ማለብ ግን ሙላቱን ይመልሰዋል። በውጭ አገር ሥራ ቦታ በማለቢያ መሣሪያ የሚያልቡ እናቶቻችን ይህን በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። ፈረቃው ከልክ ካለፈ ወተቱ ሊያንስ ስለሚችል ባለሙያ ቢከታተለው ይመረጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. አካዳሚ ኦቭ ብሬስትፊዲንግ ሜዲስን የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ለሁኔታው ራሱን የቻለ መመሪያ፣ 32ኛውን፣ አውጥቷል።

ያ መመሪያም ሆነ መሰሎቹ አንድ ቀን ወደ አማርኛ ይመለሱ ይሆናል። ተርጓሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንዲት ያጠባች እናት ቢጠይቅ መልካም ነው። አቅርቦቱን ለሲሚንቶ ይተውለት።