ቱቦው መቼ ይወጣል?

የእስራኤሏን ከተማ ሐዴራን እ.ኤ.አ. በ1891 ከቆረቆሯት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከረግረጉ በሚነሳው ወባ አለቁ። ዶክተር ሂሌል ያፌ ስማቸው የቀረው ያንን ወባ በመዋጋታቸው ነው። የየመን አይሁዶች የከተማዋን ሰፈር ናሕሊኤልን የመሠረቱት ቆየት ብለው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በዶክተሩ ስም የተሰየመው ሆስፒታል በ1957 ተከፈተ። ዛሬ ከናሕሊኤል ለቀዶ ጥገና ለሚሄድ ሰው ቅርቡ ሆስፒታል ይኸው ነው፤ የሚያሰጋው ግን ወባ አይደለም። አንዱ ስጋት ሐኪም በበጎ የሚያስገባው የሽንት ቱቦ፣ ካቴተሩ ነው።

በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ፎሊ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ካቴተር ከሠራ ወዲህ ቱቦው በቀላሉ አይወልቅም፤ ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ያኔ ሽንቱ ወደ ክፍት ዕቃ ስለሚወርድ ከአራት ቀን በኋላ ሽንቱ ያልተበከለ ሕመምተኛ ብርቅ ነበር። በ1960ዎቹ የተዘጋው ከረጢት ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ፣ አልጠፋም። ቱቦው በገባ በያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ከመቶ ሕመምተኞች ከሦስት እስከ ሰባት በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል። ስለዚህ ከቱቦው ዓይነት ይልቅ የሚቆይበት ቀን ይወስናል።

ገንዘቡስ? በእስራኤል የ1995ቱ የጤና መድን ሕግ ሁሉንም ነዋሪ በአራቱ የጤና መድን ድርጅቶች፣ በኩፖት ሆሊም፣ ሥር አስገባ፤ የክፍያ ዋስትና ቅጹን፣ ቶፌስ 17ን፣ ይዘው ሲገቡ ሒሳቡን የምትከፍለው ኩፓዋ ናት። ሆስፒታሉ በአልጋ ቀን ሲከፈለው በኢንፌክሽን የተራዘመ ቀን ገቢ ያመጣለታል። ለቀዶ ጥገናው ቁርጥ ዋጋ ሲከፈለው ግን መዘግየቱ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው አከፋፈል በተለይ ከ2010 ወዲህ እየሰፋ ነው።

አሜሪካ ከዚህም አልፋ ሄደች። የአረጋውያን መድን ሜዲኬር ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ በካቴተር ለመጣ የሽንት ኢንፌክሽን ተጨማሪ አልከፍልም አለ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ያጠፋ ይክፈል። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። በሚሺጋን በ2009 ከ780 ሺህ በላይ የሆስፒታል ቆይታዎች ሲመረመሩ በዚህ ደንብ ክፍያ የተቀነሰባቸው 25 ብቻ ነበሩ። ኢንፌክሽኑ በካቴተር የመጣ ነው ተብሎ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ካልተጻፈ ደንቡ አይነካውም፤ አብዛኛውን ጊዜም አይጻፍም። በ2012 የወጣ ሰፊ ጥናትም ደንቡ የኢንፌክሽኑን ቁጥር ሲቀንስ አላየም።

ቁጥሩን የቀነሰው ሌላ ነገር ነው። ከ600 በላይ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ነርሶች በየቀኑ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል?» ብለው እንዲጠይቁና አላስፈላጊው እንዲወጣ ያደረገ ፕሮግራም፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጪ ኢንፌክሽኑን ሲሶ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ የገንዘብ ቅጣት ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። አልጋው አጠገብ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

እኛ በእስራኤል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ጠያቂ የለም። እናቶቻችን ስለ ሽንት ማውራት ነውር ሆኖባቸው ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን ከረጢት በነጠላ ይሸፍኑታል፤ ሲያቃጥላቸውም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ዕብራይስጡ ሲያንስ ዝምታው ይብሳል። ይህን ክፍተት አይተው ነው የሐዴራ ሰዎች በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት፤ በኋላም ማኅበሩ ለሐኪምና ለሕመምተኛ በስልክ በአማርኛ ማስተርጎም ጀመረ። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ አዘዘ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

ስለዚህ እናት አባት ቀዶ ጥገና ላይ ካሉ፣ ልጆች ሆይ፣ በየጠዋቱ ነርሷን ጠይቁ፦ ቱቦው ለምን ገባ፣ መቼ ይወጣል? ከረጢቱ ከሽንት ፊኛ በታች ይሁን፣ ወለል ግን አይንካ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ትኩሳት፣ ማቃጠል ወይም በአዛውንቱ ላይ ድንገተኛ መደናገር ካያችሁ ለሐኪም ለመንገር አትዘግዩ።