የአቶም ኃይልና የውርጌሳ ምድጃ

የአየር መበከል ሲባል ብዙዎቻችን የፋብሪካ ጢስ እናስባለን። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በውርጌሳ አካባቢ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከቤት፣ ከማገዶና ከኩበት ጢስ ነው።

የአቶም ኃይል ለዚህ ምን ይረዳል? ዩራኒየም ሲሰነጠቅ በሚሰጠው ሙቀት ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል። የሚነድ ነገር ስለሌለ ከማመንጫው ጢስ አይወጣም። በዚህ ዘዴ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ መስመር መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በሶቪየት ኅብረት፣ በኦብኒንስክ ነው። ኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት በተቋቋመበት በ1957 አባል ሆናለች።

ይሁን እንጂ አገራችን ኃይሏን ይበልጡን ያገኘችው ከውሃ ነው፤ ቆቃ በ1960፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመረቁ። ውሃም ጢስ የለውም። ታዲያ ከቆቃ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፎ ማገዶ ከገጠሩ ምድጃ ያልወጣው ስለ ምንድን ነው? ከማመንጫው እስከ ምድጃው ድረስ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የመግዣ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ ነው።

በ2025 ኢትዮጵያና ሩሲያ የአቶም ማመንጫ ለመሥራት የተግባር ዕቅድ በሞስኮ ተፈራርመዋል። እኛም ከቆቃ ታሪክ ተምረን፣ የማመንጫው ዕቅድ የምጣዱንም ዕቅድ አብሮ ይያዝ እንላለን።