ሰውን በሥዕል ውስጥ ማስቀመጥ፤ ከመቅደላ እስከ መካነ ሰላም

ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ ይመስላል። መሣሪያውን ወደ ሰው አዙሮ ቍልፉን መጫን ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርግጥም ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ምን እንዲገባ፥ ምን እንዲቀር፥ የገባውም ከየትኛው ሥፍራ እንዲቀመጥ መወሰን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ባለሙያዎች ይህን ጥበብ ቅንብር ይሉታል። እኛ ተማሪዎች ሳለን ቅንብር ማለት ለዓይን ደስታ የሚጨመር ጌጥ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን በምዕራብ ወሎ ደጋ በገዛ እጃችን የፈጸምነው ስሕተትና በኋላም ከታሪክ መጻሕፍት ያገኘነው ትምህርት አሳባችንን ለውጦታል። ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር አንባቢያን ይፍቀዱልን።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። በስተ ምዕራብ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ከከተማዋም ብዙ ሳይርቅ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን ይገኛል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ፥ ገደልና ሸለቆ እያቋረጡ ቢሄዱ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ የሆነው የመቅደላ አምባ አለ። እንግዲህ ከዓይናችን ፊት ሰፊ አገር፥ ከዦሯችንም ሰፊ ታሪክ ነበረን ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን በክበባችን አንድ የፊልም ካሜራ ነበረ። በአንድ ጥቅል ፊልም የሚነሣው 36 ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ፊልሙም አልቆ ወደ ደሴ ተልኮ እስኪታጠብ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ክበቡን የሚመሩት መምህራችን ካሜራውን በእጃችን ከመስጠታቸው በፊት ሌላ መሣሪያ አሠሩን። የሳሙና ካርቶን ቈርጠን በመካከሉ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ከፈትን፤ በቀዳዳውም ላይ ከየቤታችን ያመጣነውን የጥጥ ፈትል ሁለቱን ወደ ታች፥ ሁለቱን ወደ ጐን አድርገን ወጠርን። እነሆ ዘጠኝ ቤት ያላት መስኮት ሆነች። አንድ ወር ያህል በዚህች መስኮት ብቻ አገሩን ስንመለከት ሰነበትን፤ በገበያ ቀን ያዩን ሰዎችም «እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?» እያሉ ይሥቁብን ነበር።

የተማርናቸው ደንቦች ብዙ አልነበሩም። የሰማዩና የምድሩ ወሰን በላይኛው ወይም በታችኛው ፈትል ላይ ይዋል እንጂ ሥዕሉን እኩል አይክፈለው፤ ዋናው ነገር ፈትሎቹ ከሚገናኙባቸው ከአራቱ ነጥቦች በአንዱ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ቀኝ ለሚመለከት ሰው በቀኙ ክፍት ቦታ ይተውለት፤ ከራሱ በስተኋላ ምሰሶ አይብቀልበት፤ ሕፃንን የሚያነሣ ይንበርከክ፤ በቀትር ፀሐይ ዓይን በጥላ ይሰወራልና ጧትና ማታ ይመረጥ። ምክንያቱንም ሲያስረዱን፥ ዓይን ከሥዕሉ መካከል የሚፈልገውን ወዲያው ካገኘ እዚያው ይቀመጣል፤ ከዳር ያገኘ እንደ ሆነ ግን ሥዕሉን በሙሉ ይዞረዋል ይሉን ነበር።

ይህ በሦስት የመክፈል ደንብ ከካሜራ በፊት የነበረ ነው። ደንቡን በጽሑፍ ስም ሰጥቶ ያወጣው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር መልክ ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፥ ፎቶግራፍ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጠው ከ42 ዓመት በኋላ በ1839 ነው። የአገራችንም ሠዓሊዎች የራሳቸው ደንብ አላቸው። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ፊቱን መልሶ ሲሣል፥ ክፉው በጐኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ ሥርዓት የፊት አቀማመጥ የሰውየውን ክብር ወይም ውርደት ይናገራል። የእኛ ካርቶን ግን ስለ ክብር የሚነግረን ነገር አልነበረውም።

ካሜራው በእጃችን የገባ ዕለት ከጓደኞቻችን የአንዱን አያት ልናነሣ ሄድን። እማማ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን፤ «ቆዩኝማ ልጆቼ፥ የክት ቀሚሴን ልልበስ፤ ሁለቱ ዓይኖቼም ይውጡልኝ» አሉን። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበርና ብርሃኑ እንዳያመልጠን ቸኰልን። «እንዲሁ ያምርብዎታል፥ እማማ» ብለን በሥራ ልብሳቸው ከደጃፋቸው አቆምናቸው፤ ሸለቆው በሙሉ እንዲገባም ወደ ኋላ ራቅን። ወሰኑ በላይኛው ፈትል፥ እማማም በታችኛው የቀኝ ነጥብ ላይ ዋሉ። እንደ ደንቡ ከሆነ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

ሥዕሉ ከደሴ ታጥቦ ሲመጣ ተደነቅንበት፤ ለመምህራችንም ለእማማም አሳየን። እማማ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው፥ አርቀው፥ መልሰውም አስጠግተው ተመለከቱና «አገሩስ አገራችን ነው፤ እኔ የት አለሁ ልጆቼ?» አሉን። ፊታቸው የጤፍ ፍሬ አክሎ ነበር። በሚቀጥለው ፊልም እንክሳለን ብለን ቃል ገባን። ፊልሙ ሳይገዛ ግን እማማ ዐረፉ። ለአርባቸው ተዝካር ቤተ ሰቡ ከግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል ስለ ፈለገና ከዚያ በቀር ሌላ ስላልነበረ፥ ያንኑ ፊልም በደሴ አስጐልተን አመጣን። ሸለቆው ከነሙሉ ውበቱ ተጐላ፤ የእማማ ፊት ግን ዓይን የማይለይበት ግራጫ ነጥብ ሆኖ ወጣ። መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ «ፈትሉን አስተማርኋችሁ፤ መጠየቅን ግን አላስተማርኋችሁም» ብለው ጥፋቱን ከእኛ ጋር ተካፈሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አገራችን ፎቶግራፍ ታሪክ ባነበብን ቍጥር የእማማ ጥያቄ ይከተለናል። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ከእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች 10ኛ ሻምበል የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተከትለውት ነበር። በዚያ ዘመን በብዛት የሚሠራበት ዘዴ መስተዋት በመድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ የሚነሣበትና የሚታጠብበት ስለ ነበረ፥ የጨለማ ድንኳንና ውሃ ሳይዙ ፎቶግራፍ ማንሣት አይቻልም ነበር። የሰዎቹ ትልቁ ተግባር ካርታና ንድፍ እያባዙ ለአዛዦች ማቅረብ ሲሆን፥ ከዚሁ ጋር አምባውን፥ ሠፈሩንና የተፈቱትን አውሮጳውያን እስረኞች አንሥተዋል። ስለዚህ የወሎ ደጋ ወደ ፎቶግራፍ ዓለም የገባው ወራሪ ጦር እንደሚያየው ሆኖ፥ ከሩቅ የሚለካና የሚያዝ ምሽግ መስሎ ነው። በአምባው ላይ የነበረውስ ሕዝብ የት አለ? ብንል፥ መልሱ እማማ ካገኙት መልስ ብዙ አይለይም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የባለ አምባው ዕጣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ከብሪትሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ግን የሬሳቸውን ፊት ሣለ። ያ ኀይለኛ ንጉሠ ነገሥት፥ እንዴት መታየት እንደሚወድ ሳይጠየቅ፥ ዓይኑ ከተከደነ በኋላ በባዕድ እጅ ተቀረጸ።

ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ከአገሩ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ሕፃኑ በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት በተቀመጠበት በዚያው በ1860 ዓ.ም. ክረምት፥ ዝነኛዋ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። ካሜሮን ወደ ሰው ፊት ቀርባ፥ ከበስተኋላው ጨለማ አድርጋ፥ ብርሃኑን ከጐን አስገብታ ማንሣት ትወድ ነበር፤ ተነሺውም ሥዕሉ እስኪያዝ ድረስ ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ መቈየት ነበረበት። በቅንብር ረገድ የእርሷን ሥራ የሚነቅፍ አይገኝም፤ የሕፃኑን ፊት እንደ ነጥብ አላሳነሰችውም። ሆኖም ያንን ዝምታና ኀዘን የተሞላ ፊት ያየ ሰው፥ ልጁ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወድዶ እንደ ሆነ ራሱን ሳይጠይቅ አያልፍም። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ዐርፎ በዊንድሰር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለም። ፎቶግራፉ ግን ተባዝቶ እኛ ዘንድ ደርሷል። እማማን ከሩቅ አንሥተን ፊታቸውን ስናጠፋ፥ ካሜሮን ቀርባ አንሥታ ፊቱን ለትውልድ አቈየች፤ ስለዚህ መቅረብ የሚጠቅም መሆኑ አያጠራጥርም፤ የተነሺውን ፈቃድ ግን አይተካም።

ቅንብር ሐሰትንም ማገልገል ይችላል። የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ወራት፥ ሃይማኖታቸውን እንደ ለወጡ ለማስመሰል በሙስሊም ልብስ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይዞሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ተቀጣጥለው የተሠሩ እንዳሉባቸው ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ካርቶናችን ምን እንደሚቀር መምረጥን አስተምሮን ነበር፤ ይህ ታሪክ ግን ያልነበረውን መጨመርም የሚቻል መሆኑን አሳየን።

በሌላ በኩል ሰው ራሱ ፈቅዶ የሚነሣበት ልማድ በአገራችን አድጓል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ፤ ቀስ በቀስም ፎቶ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ፤ ሕዝቡም የክት ልብሱን ለብሶ፥ ሁለት ዓይኑን አቅንቶ ይነሣ ጀመር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አይዳ ሙሉነህ የአዲስ ፎቶ ፌስትን በአዲስ አበባ መሥርታለች።

ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነን በየቀኑ የባለጉዳዮችን ፋይል እንገልጣለን፤ በእያንዳንዱም ላይ ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ስሙ እንደሚነግረን የተጐረደ ነው፤ ከደረት በታች የለም፥ አገር የለም፥ ቤት የለም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓይኖቹ ወጥተዋልና፥ እማማ በሕይወት ቢኖሩ ከእኛ ሥዕል ይልቅ ይህን በመረጡ ነበር። ዛሬ ወጣቶች በኪሳቸው በያዙት ስልክ መስተዋት ላይ ዘጠኙ ቤት ተሰምሮ ይመጣላቸዋል፤ ካርቶን መቍረጥና ፈትል መወጠር አያሻቸውም፤ ፊልሙም በ36 አያልቅባቸውም። ስለዚህ መቸኰል የለባቸውም። ወደ አያቶቻቸው ቤት በሄዱ ጊዜ የክት ቀሚሱ እስኪለበስ ይታገሡ፤ ከዚያም ሦስት እርምጃ ይቅረቡ። እኛ በየዓመቱ ወደ መካነ ሰላም ስንሄድ ያንን የተጐላ ሥዕል ከግድግዳው ላይ እናየዋለን፤ ቤተ ሰቡም ለእንግዳ ሲያሳዩ ጣታቸውን በግራጫው ነጥብ ላይ አድርገው «እማማ እዚህ ጋ ናቸው» ይላሉ።