የፈንገሶች አመዳደብና አራባብ

ፈንገሶች ክሎሮፊል የሌላቸው፣ ኢንዛይም ወደ ውጭ አመንጭተው የሟሟውን ምግብ የሚመጥጡ ሕያዋን ናቸው። ከዕፅዋት ጋር ሲመደቡ ኖረው፣ ሮበርት ዊተከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው ምደባ የራሳቸውን ዐቢይ ምድብ አግኝተዋል፤ የሕዋስ ግድግዳቸው ካይቲን ያለበት መሆኑም ይህን ያጸናል።

ነባሩ አመዳደብ የሚመረኮዘው በጾታዊ ርቢ የሚገኘው ስፖር በሚፈጠርበት አካል ላይ ነው። ካይትሪዶች በጅራፍ መሰል ጭራ በውኃ ውስጥ የሚዋኙ ስፖሮች አሏቸው። የዳቦ ሻጋታ ሁለት ክሮች ሲዋሐዱ ወፍራም ቅርፊት ያለው ስፖር ያበጃል። ከረጢታም ፈንገሶች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ከረጢት ስምንት ስፖሮች ይይዛሉ፤ የዳቦ እርሾ ከእነዚህ ወገን ቢሆንም በአመዛኙ የሚራባው በማጎንቆል ነው። እንጉዳዮች ስፖሮቻቸውን፣ ብዙውን ጊዜ አራት አራት አድርገው፣ በዱላ መሰል ሕዋስ ጫፍ ላይ ይሸከማሉ።

የዚሁ የእንጉዳይ ወገን የሆነው የስንዴ ግንድ ዋግ እጅግ ውስብስብ ነው፤ ሙሉ ዑደቱ አምስት ዓይነት ስፖሮችና ሁለት አስተናጋጅ ተክሎች ይጠይቃል። አርሶ አደሩን የሚጎዳው ግን ኢጾታዊው ቀይ ስፖር ነው፤ በአንድ ወቅት ደጋግሞ ይፈለፈላል፣ ነፋስም ከአገር አገር ያደርሰዋል።

ጾታዊ ርቢያቸው ያልታወቀ ፈንገሶች ቀድሞ ለብቻቸው ይመደቡ ነበር። የዲኤንኤ ምርመራ አብዛኞቹን ወደ ከረጢታሞች መልሷቸዋል።