የማን ልጅ ነህ?

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ደጋው አልቆ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመወረዱ በፊት የምትገኝ የባሶ ሊበን ከተማ ናት። ለአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ አዛውንት አስተዋሉኝ። ሰላምታችንን በወጉ ከጨረስን በኋላ ያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኋቸው። አላወቁትም። የአያቴን ጨመርሁላቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው አሰቡ፤ አሁንም አልመጣላቸውም። አጠገባቸው የነበረ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አላቸው። ወዲያው ፊታቸው በራ።

«አሃ! የቢሮክራሲው የወንድም ልጅ ነሃ!»

«ቢሮክራሲው» የተባሉት አጎቴ ናቸው። ቃሉ እንዴት እንደተለጠፈባቸው በኋላ እመለስበታለሁ። በዚያች ቅጽበት ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአባቴና የአያቴ ስም ያልሠሩትን ሥራ አንድ ስድብ በአንድ ትንፋሽ ሠራው።

እኛ እንደምናውቀው የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ የአያት ስም ወደ ዳር ይገፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም አለው፣ በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተሰብ ስሙ ይቀድማል ይላል። አንባቢዬ፣ እስቲ በዚህ ቅደም ተከተል የተጠራ ሰው ያውቃሉ? ሕጉ ያልቻለውን የፈረንጅ አገር ቅጽ ቻለው፤ እዚያ የሄደው ወገናችን የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖበት፣ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በሁለት «የቤተሰብ ስም» ይጠራሉ።

ጌቶቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እንጂ ራስ ኃይሉ አዳል አልተባሉም። አዳል የሚለው ስም በአንድ ቀን ሥርዓት ከልጆቹ ስም ወጣ።

ታዲያ የጎጃም ሰው የማን መሆኑን በምን ያውቅ ነበር? በቆጠራ ነው። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1950ዎቹ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 (በፈረንጅ አቆጣጠር) መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። እንደ እሱ ጥናት ርስት የሚጠየቀው አገሩን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚ አባት በመቁጠር ነው። ቆጠራው በአባት ብቻ አይሄድም፤ በእናት፣ በእናት እናት፣ በአባት እናት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ስሙ ላይ አንድ አባት ቢኖረውም በአፉ ላይ ብዙ አባቶች ነበሩት። የትኛውን እንደሚቆጥር የሚወስነው መሬቱና ሙግቱ ነበር።

ሙግቱም ወግ ነበረው። በላ ልበልሃው፣ ውርርዱ፣ ተነሥቶ መናገሩና ተራ መጠበቁ ሁሉ ሥርዓት ነበረው፤ መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ይለመን ነበር። ያን ዘመን ለማሞካሸት አይደለም፤ በሙግት ተሟጦ የደኸየ፣ በርስት የተገዳደለ ሞልቷል። ነገር ግን ባላጋራህን አዋርደህ ብቻ አትረታውም። ቆጥረህ መርታት አለብህ፣ እሱም መልሶ ይቆጥርብሃል።

ቆጠራ የሌለውስ? እዚህ ላይ ይጁቤ ራሷ ምስክር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1842 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ይጁቤ ተቀምጦ ስለ ገበያውና ከዓባይ ማዶ ስላሉት አገሮች ከነጋዴዎች ጠይቆ ጽፏል። ከእናርያና ከዚያም ወዲያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ይመጣል፤ ከዚህ አሞሌ ጨው ይሻገራል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውም እንዲሁ። ዓባይን ታስሮ የተሻገረው ሰው ደግሞ የአባቱ ስም ማዶ ቀርቶ፣ ገዢው ባወጣለት ስም ይጠራል። ለእነዚህ ሁሉ ጎረቤት ያወጣላቸው ሌላ መጠሪያ ነበር፤ እሱም ስድብ ነው። እንደ አባት ስም በሁለት ትውልድ አይረሳም። የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ ብረት ነክቶ ባያውቅም ጠይብ፣ ቡዳ ይባላል። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻር ቃሉ አብሮ አልተሻረም። እኛ አገር ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ይህ ይመስለኛል።

አፄ ምኒልክ ይህን ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ የምትሰድቡ ተዉ፣ ከእንግዲህ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ እኔን ሰደበ አሉ። ንጉሠ ነገሥት በአንድ ሸማኔ ቦታ ቆሞ «ተሰደብሁ» ሲል ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ለተሰዳቢው መቁጠሪያ አባት አልሰጠውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ቆጠራ ሥራ ፈታ። አቅኚ አባቶች የሽማግሌ ጨዋታ ሆኑ። ከዚያ 1989 ዓ.ም. መጣ።

በዚያ ዓመት በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል ገበሬው በስም ተለየ። በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው «ቅሪት ፊውዳል»፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ። ሌላው እስከ 12 ጥማድ ሲይዝ ይህ ስም የወጣበት ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነውና ብዙው ሰው ትርጉሙን አያውቀውም፤ የሚያስከትለውን ግን ያውቃል።

አጎቴ ከቄስ ፊደል ቆጥረው ስለነበር ለጥቂት ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው ነበር። በምኒልክ ጊዜ ቢሆን ጠንቋይ በተባሉ። እሳቸው እንደነገሩኝ ስማቸው በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ «ልናገር» ብለው ቢነሡ «ቢሮክራሲ ይቀመጥ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ተናጋሪው አብሯቸው ደቦ የወጣ ጎረቤት ነበር። ተቀመጡ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ የማስታውሰው የአጎቴ ልጅ ከትምህርት ቤት አልቅሶ መምጣቱንና «ቢሮክራሲ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁን ነው። የመለሰለት ሰው አልነበረም።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ፊቴ መለወጡን አይተው መሰለኝ፣ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናትህስ የማን ልጅ ናት?»

ነገርኋቸው። «የእሷስ እናት?» ይህንንም ነገርሁ። በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ፤ በአራተኛው ላይ ቆም አሉና ሌላ ሰው ጠርተው በዚያ በኩል ወደ ራሳቸው እናት ወረዱ።

«እንግዲያማ ዘመዴ ነህ!» አሉኝ፤ ሻይም ታዘዘልኝ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የዕድሜ እኩያቸው መጣና እኔን እያየ «ማነው ይሄ?» አላቸው።

«ዘመዴ ነው» አሉት።

አልገባውም። «የየት ዘመድ?»

አዛውንቱ ቆጠራውን ሊጀምሩ አንድ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ፤ ጣታቸውንም መልሰው አጠፉ።

«ያ የቢሮክራሲው የወንድም ልጅ» አሉ ቀስ ብለው።

«እ!» አለ ሰውየው፤ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።