የመንዝ ጓሳ፦ ከፓርክ በፊት የነበረ ጥብቅ ሥፍራ

ጥብቅ ሥፍራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መንግሥት ከልሎ ዘበኛ ያቆመበትን ብሔራዊ ፓርክ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም በውስጡ የሚያርስና ከብት የሚያረባ ሕዝብ ነበረ። የግጭ ነዋሪዎች ከዚያ የተነሡት ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው ጓሳ ግን በሌላ መንገድ የተጠበቀ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ውርጫም ደጋ ሲሆን ስሙም የሣሩ ስም ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ዝናብ ለሚመክተው ገሳ ያገለግላል። ለብዙ ምንጮችም መነሻ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድናቸው አይጦች የሚኖሩትም እዚሁ ሣር ውስጥ ነው፤ ጭላዳም በመንጋ ይሰማራበታል።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ሀብት ያስተዳደረው ቄሮ የተባለ ሥርዓት ነው። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ፣ አለቆቻቸውን መርጠው ሥፍራውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና በአለቆቹ ውሳኔ ይከፈታል። ጥበቃው የሚካሄደው ጉልበት ያለው ሁሉ በየተራው እየወጣ ነበር። ደንቡን በሚያጸናው ጉባኤ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ነበራት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ቄሮ የዘር መብት ስለነበር ከትውልዱ ያልሆነ ጎረቤት ሣሩን ከሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም፤ አዋጁ ለዚህ ሰው በር ከፍቶለታል። ችግሩ በሩ ሲከፈት ጠባቂው አብሮ መነሣቱ ነው። ማጭዱም ከብቱም ጊዜ ሳይጠብቅ ገባ፤ ከፊሉም ታረሰ።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው አርሶ አደሮች በየቀበሌያቸው ተወካይ መርጠው የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ። አዲሱ አሠራር መዝጋትንና መክፈትን ከቄሮ ወስዶ፣ መብቱን ግን ከዘር ወደ ነዋሪነት አዛውሮታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳን በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አወቀው። ከክልሉ ደንብ በፊት ከነበሩት ዋስትናዎች አንዱ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠበቁ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሣሩ የሚታጨደው ማኅበረሰቡ በተስማማበት ጊዜ ነው።